የአራዳው ባንክና የጠገራው ሸክም



ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን የወር ደመወዝ በእጅ አይቈጠርልንም። ቀኑ ሲደርስ በኪሳችን ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ገንዘቡም ገባ ይባላል። ማን አመጣው፣ በምን ተጭኖ መጣ፣ ማንስ ቈጠረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም በበኩሌ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ታላቅ ኩባንያ እንዴት እንደሚመራ፣ የሥራ መሣሪያም ሲለወጥ ሠራተኛውና መሪው ምን እንደሚደርስባቸው በራዲዮ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ ምሳሌውን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ አገር ከመዋስ ይልቅ በየቀኑ ከምንረግጠው ከአራዳ ብጀምር ይሻላል ብዬ አሰብሁ። በአራዳ የተቋቋመ አንድ ኩባንያ ነበረና፤ እርሱም ባንክ ነው።

እስኪ በመጀመሪያ የያን ዘመን አራዳ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ፒያሳ የሚለው ስም ገና አልመጣም፤ እርሱ ጣልያን በወረራው ዘመን የተወልን ስም ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሰፊ ገበያ አለ። ነጋድራሱ ቀረጥ ያስከፍላል፣ የንግድ ነገርም ይዳኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ ሜዳውን ይሞላዋል። ቡና፣ ቆዳ፣ ማር፣ ሰም፣ ቅቤ፣ በግና በቅሎ ይሸጥበታል። በዙሪያው የሕንዱ፣ የአርመኑና የግሪኩ ሱቅ ተደርድሯል፤ ከሁሉም የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት ስመ ጥር ነው። ይህ ሁሉ ሽያጭና ግዢ የሚፈጸመው ግን በአንዲት የኦስትሪያ ንግሥት መልክ በተቀረጸበት የብር ገንዘብ ነበር። ንግሥቲቱ ማርያ ቴሬዛ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1780 ከሞተች ብዙ ዘመን አልፎአታል፤ ገንዘቧ ግን ዘወትር ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ እየተመታ ወደ አገራችን ይገባ ነበር። ጠገራ ብር የምንለው ይኸው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው መልክና የ1887 ዓ.ም. ጽሑፍ ያለበት ብር በፓሪስ አስመትተው ከነአላዱ፣ ከነሩቡና ከነተሙኑ አምጥተው ነበር። ባላገሩ ግን የለመደውን ጠገራ አልተወም። ነጋዴው ጠገራውን ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ትናንሽ ዕንቈች በጣቱ እየዳሰሰ፣ ያልተፋቀ መሆኑን መርምሮ ነው። ተፍቆ ከሆነ ይመልሰዋል። ለትንሹ ግዢ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበረ፤ ጥይትም እንደ መሐለቅ ይሰጥ ይቀበሉት ነበር።

አሁን ሸክሙን አስቡት። አንድ ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል። አንድ ሺሕ ጠገራ 28 ኪሎ፣ ዐሥር ሺሕ ጠገራ ደግሞ 280 ኪሎ ይሆናል። ይህ የሦስት በቅሎ ጭነት ነው። ቈጣሪውም በየሴኮንዱ አንድ አንድ ብር ቢጥል፣ ሳይሳሳትና ቀና ብሎ ሳያይ ዐሥሩን ሺሕ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ መቀመጥ ይገባዋል። ተቀባዩም እንደገና ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሆነ። የተፋቀውን ከደኅናው መለየቱ ሲጨመርበት ቀኑ መሸ ማለት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከባሕር ወደብ የመጣው ብር ከድሬ ዳዋ እስከ አራዳ በከብት ጀርባ ብዙ ሳምንት ይጓዝ ነበር። ከኋላና ከፊት ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለው። በቅሎ ጫኙ፣ ዘበኛውና ቈጣሪው በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው አይገኝም፤ የዚያ ዘመን የንግድ ሥራ ሁሉ ግን በእነርሱ ትከሻ ላይ ነበረ።

እንግዲህ ባንክ ወደዚህ ገበያ መጣ። በ1897 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእንግሊዞች ከነበረው ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል ከማክጊሊቭሬ ጋር ውል ተዋዋሉ። የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ውሉ የ50 ዓመት ነበር። በዚህ ዘመን ሌላ ባንክ በአገሩ እንዳይቋቋም፣ የመንግሥት ገንዘብ በእርሱ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ወረቀት ገንዘብም ለማውጣት እርሱ ብቻ መብት እንዲኖረው ተፈቀደለት። በ1902 ዓ.ም. በአራዳ የራሱን ሕንፃ ሠርቶ ገባ። ከዚያም በሐረር፣ በድሬ ዳዋ፣ በጎሬ፣ በደሴ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ወኪል ቤት አቋቋመ፤ ጅቡቲም ድረስ እጁን ዘረጋ።

ለአንድ ኩባንያ ከዚህ የበለጠ ምን ሊሰጠው ይችላል? ተወዳዳሪ የለበትም። ዋና ገንዘብ አለው። የንጉሠ ነገሥት ጥበቃ አለው። የባንክን ጥበብ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሹማምንት አሉት። የሆነ ሆኖ ይህ ኩባንያ እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ ምንም ትርፍ አላገኘም። ከዚያም ወዲያ በ1911ና በ1912 ዓ.ም. ግድም ትርፍ አየ፤ ሳይቋረጥ ማትረፍ የጀመረው ከ1916 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሲመረመር፣ የተቋቋመበት ወጪ ብዙ ነበረ፤ የሹማምንቱ ጉዞና ኑሮ ገንዘብ ይበላ ነበር፤ ሕዝቡም ባንክ ምን እንደ ሆነ ገና አላወቀም ነበር ይባላል። ሦስቱም እውነት ነው። እኔ ግን አራተኛ ምክንያት አለ ባይ ነኝ። የኩባንያው እግር አራዳ፣ ራሱ ግን ካይሮ ነበር።

ይህን ስል ካይሮ የነበሩት ሰዎች ሰነፎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ከጠረጴዛቸው የሚታየው ነገር ሌላ ነበር ማለቴ ነው። አራዳ ላይ ቡናው ሲወርድና ቆዳው ሲሰበሰብ ነጋዴው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠገራ ይፈልጋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ገበያው ይቀዘቅዛል። ይህን የሚያውቀው በገበያው መካከል የዋለ ሰው ነው። ቴሌግራፍ ቢኖርም ቴሌግራፍ የሚያደርሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ያልተጠየቀውን አያወራም። ከዚህም በላይ የባንኩ ዋና ዋና ደንበኞች የውጭ አገር ነጋዴዎች ነበሩ፤ ዋና ዋና ሹማምንቱም እንዲሁ። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ በመስኮቱ በኩል ገብቶ በራሱ ቋንቋ ጉዳዩን አስረድቶ የሚወጣበት ቤት አልነበረም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራ ኩባንያ፣ በዚያ ዘመን ውስጥ ከአገሩ ልጆች የባንክ መዝገብ የሚይዙና ውሳኔ የሚሰጡ ሰዎችን አሠልጥኖ ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

በ1907 ዓ.ም. ባንኩ የ5፣ የ10፣ የ100ና የ500 ብር ወረቀት ገንዘብ አወጣ። አሁን ወደዚያ ሦስት በቅሎ ጭነት ተመለሱ። ዐሥር ሺሕ ጠገራ በአምስት መቶ ብር ወረቀት ሲመነዘር ሃያ ቅጠል ብቻ ነው። በደረት ኪስ ይገባል። ቈጣሪው ስድስት ሰዓት የሚደክምበትን ሥራ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለዘበኛም፣ ለበቅሎም፣ ለከረጢትም ወጪ የለም። በመሣሪያ ለውጥ በኩል ይህን የሚያህል ነገር በአገራችን የንግድ ታሪክ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ከባቡሩ ጋር ቢወዳደር እንኳ አያፍርም።

ወረቀቱ ግን ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ነጋዴ እጅ ብዙም አልራቀም። ባላገሩ አልተቀበለውም። እነሆ የኋላ ሰዎች ስለዚህ ስንናገር ብዙ ጊዜ «ሕዝቡ ገና አልሠለጠነም ነበር» ብለን እንዘጋዋለን። እኔም በትምህርት ቤት የተማርሁት ይህንኑ ነው። አሁን ግን ይህ ፍርድ ቅን ሆኖ አይታየኝም።

አያቴ ሦስት ጠገራ ብር ነበራቸው። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ በጨርቅ ቋጥረው በማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን ባንክ አያስገቡትም ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ መንግሥት ሲለወጥ ወረቀቱ አብሮ ይለወጣል፤ ይህች ሴትዮ ግን አትለወጥም» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ዛሬ የባንኩን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ በመሳቄ አፍራለሁ፤ እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች ታዩታላችሁ።

በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያን ባንክ ውል ከጊዜው አስቀድመው አፈረሱ። ለባለአክሲዮኖቹ ካሣ ተከፈለ። ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በ750 ሺሕ ፓውንድ ዋና ገንዘብ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። ከአክሲዮኑ በመቶ 60 እጁ የመንግሥት ሆነ፤ የባንኩም ሥራ በገንዘብ ሚኒስትሩ የሚመረመር ሆነ። በአፍሪካ ምድር በአገሬው መንግሥት ባለቤትነት የተቋቋመ የመጀመሪያው ባንክ እርሱ ነው ይባላል። እነሆ የኩባንያው ራስ ከካይሮ ወደ አራዳ መጣ።

እዚህ ላይ ከመሪነት በኩል አንድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞውን ባንክ ገዢ ኮልየርን አላሰናበቱትም፤ በአዲሱ ባንክ ላይም ገዢ አድርገው አቆዩት። ቅርንጫፎቹም፣ ሠራተኞቹም፣ መዝገቦቹም ቀጠሉ። የተለወጠው ውሳኔው የሚሰጥበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው አዲስ ሥልጣን ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው የቀድሞውን ሰው ማባረርና ወንበሩን መለወጥ ነው። በዚህ ባንክ ግን ዕውቀቱን አስቀርቶ ባለቤትነቱን መለወጥ ተመረጠ። ከዚህም የተነሣ ሥራው አንድም ቀን ሳይሰናከል ተላለፈ ለማለት ይቻላል።

የዚህ ባንክ ዕድሜ ግን አምስት ዓመት አልሞላም። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ያዘ። የኢትዮጵያ ባንክ እንዲዘጋና ሒሳቡ እንዲጣራ በወራሪው ትእዛዝ ተወሰነ። ከአገር ውጭ የነበረው ገንዘቡስ? በፈረንጅ 1937 ዓመት የኢትዮጵያ ባንክ በለንደን ፍርድ ቤት የግብፅን ብሔራዊ ባንክና የጣልያኑን አጣሪ ከሶ ነበር። ዳኛው ኢትዮጵያን በእጁ ያደረገው ጣልያን ነውና ባንኩን ያፈረሰበት ትእዛዝ ይጸናል ብሎ ፈረደ። በሕግ የቆመ ኩባንያ፣ ማኅተም ያለው፣ መዝገብ ያለው፣ በአንድ ብይን ከሳሽ ለመሆን እንኳ የማይችል ሆነ።

በዚያን ጊዜ የወረቀት ገንዘብ የያዘና ጠገራ የቀበረ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ የትኛው ብልህ ነበረ ትላላችሁ? ጣልያን በሊራ ወረቀት ሊገበያይ ቢሞክር ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት። በመጨረሻ ጣልያን ራሱ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ በሮማ እያስመታ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ተገደደ። የአያቴ እናት በማሰሮ የቀበሩት ሀብት ወራሪውንም አሸንፎ ወጣ። እንግዲህ ባላገሩ ወረቀቱን አልቀበልም ያለው ባለማወቅ ብቻ አልነበረም። ወረቀት ማለት የአንድ ኩባንያ ቃል ነው፤ እርሱም የኩባንያውን ቃል የሚመዝንበት ሚዛን አልተሰጠውም ነበር።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በአገሩ የነበረው የገንዘብ ዓይነት ቢነገር ዛሬ ተረት ይመስላል። የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ አለ። ጠገራ አለ። ሊራ አለ። የግብፅ ፓውንድና የሕንድ ሩፒ ደግሞ ከጦሩ ጋር ገብቷል። ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር የመጣው ባርክሌይስ ባንክ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ወጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሁለት ቅርንጫፍና በ43 ሠራተኞች ሥራውን በሙሉ ጀመረ። አርባ ሦስት ሰው! ዛሬ ከእናንተ መካከል ከዚህ የሚበዛ ሠራተኛ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያዝዝ ብዙ አለ። እነዚያ 43 ሰዎች ግን የመንግሥቱን ግምጃ ቤትም፣ የነጋዴውን ሒሳብም፣ የገንዘብ ማውጣቱንም ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊሠሩ ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ የባንኩ ገዢ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ወጣ። ከዚህ ሥራ ውስጥ እኔ ከሁሉ የማደንቀው አንድ ነገር ነው። ከአንድ ብር ጀምሮ እስከ 500 ብር ያለው ሁሉ ወረቀት ሆነ፤ ዝርዝሩ ደግሞ ከመዳብ ተሠራ። ሃምሳ ሳንቲሙ ግን ከእውነተኛ ብር እንዲመታ ተደረገ። ለዚህም አሜሪካ ከአምስት ሚልዮን አውንስ በላይ ብር በብድር ሰጠች። በዚያ የጦርነት ዘመን ለሃምሳ ሳንቲም ይህን ያህል ብር ከሩቅ አገር መበደር ለተመልካች ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ከመዳብ ቢሠራ በርካሽ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የአቢሲኒያ ባንክ ያጣው ነገር ይኸው ነበር። ባላገሩ በጣቱ የሚያውቀውን ነገር በእጁ ሰጡት። ዳሰሰው። አንኳኳው። ድምፁን ሰማ። ሁለቱን ሲያመጣ አንድ የወረቀት ብር ይሰጡታል፤ አንዱን ወረቀት ሲመልስ ሁለቱን የብር ሳንቲም ያገኛል። እንዲህ እያለ ወረቀቱን በብሩ ለመደው። ጠገራው በሩቅ አውራጃ ለብዙ ዓመት ሲዘዋወር ቢቆይም የመንግሥቱ ገንዘብ ከእንግዲህ አልተመለሰም።

አዲስ መሣሪያ ወደ ሥራ ቤት የሚያስገባ አለቃ ሁሉ ይህችን የሃምሳ ሳንቲም ነገር ቢያስባት ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የምናየው ሌላ ነው። መኪናው ይመጣል፣ ሪባኑ ይቈረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በነጋታው ጸሐፊው በመኪናው ፊት ተቀምጦ የቱን እንደሚጫን አያውቅም።

የሰው ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። የመንግሥት ባንክ ሲጀምር የላይኛው ወንበር አሁንም የውጭ አገር ሰዎች ነበር። ሆኖም የአሁኑ ባንክ ከቀድሞው የሚለይበት ነገር፣ ከሥር የተቀጠሩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እየሠሩ እንዲማሩ፣ አንዳንዶቹም ውጭ አገር ሄደው እንዲመለሱ መደረጉ ነው። ባንኩ ሃያ ዓመት ሲሞላው ካርቱም ያለውን ጨምሮ 21 ቅርንጫፎች ነበሩት። በ1956 ዓ.ም. ሥራው በአዋጅ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሆነ፤ የመጀመሪያው ገዢ አቶ ምናሴ ለማ ናቸው። ሁለተኛው በ20 ሚልዮን ብር ዋና ገንዘብ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ እርሱንም በካናዳ የተማሩት አቶ ተፈራ ደግፌ መሩት። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ ሄንሪ ሾሜት የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ የነደፈው ክብ ሕንፃ በቸርችል ጎዳና ታችኛው ጫፍ ተሠራ። ባንክ ከአራዳ ቁልቁል የወረደው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚያ ዘመን የባንክ ሥራ አንድ አዛውንት ጡረተኛ አጫውተውኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በወጣትነታቸው ከባንክ የተቀጠሩ ናቸው። «ከሁሉ የሚከብደው ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሌቦች ወይም ተቈጪ ደንበኞች ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «አምስት ሳንቲም» አሉኝ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የገባውና የወጣው በሳጥን ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። አምስት ሳንቲም ብትጎድል ወይም ብትበልጥ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «ከኪሳችን አምስት ሳንቲም አውጥተን ብንጨምር ይዘጋል፤ አለቃችን ግን ይህን ያደረገ ይባረራል ብለው ነበር። የጠፋችው አምስት ሳንቲም አትደለችም፤ የጠፋው ስሕተቱ ነው፤ ስሕተቱን አግኙልኝ ይሉን ነበር» አሉኝ። አለቃውም አብረው ኮታቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ሌሊት እስከ አራት ሰዓት ይቆያሉ። የሒሳብ መኪና ነበረች፤ እጀታዋ ሲጎተት ትደምራለች። አዛውንቱ ግን የመኪናዋን ድምር በእስክርቢቶ እንደገና ይደምሩት ነበር። «መኪናዋ አትሳሳትም፤ ጣቴ ግን ይሳሳታል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁና። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። በ1980ዎቹ ደግሞ የግል ባንክ እንዲቋቋም በሕግ ተፈቀደ። በ1990ዎቹ ንግድ ባንክ በግድግዳ ውስጥ ሆኖ ገንዘብ የሚሰጠውን መኪና አቆመ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ቅርንጫፎቹ በአንድ ማዕከላዊ የኮምፒዩተር መዝገብ ተገናኙ። ጎሬ የገባው ገንዘብ በዚያው ቅጽበት አዲስ አበባ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ ሕንፃ ተመረቀ። የሦስት በቅሎ ጭነት ሃያ ቅጠል ሆኖ ነበር፤ ሃያው ቅጠል ደግሞ በስልክ መስታወት ላይ አምስት አኃዝ ሆነ።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ግን ሁላችሁም የሰማችሁት ነገር ሆነ። በዚህ ታላቅ ባንክ የኮምፒዩተር ሥራ ላይ በተደረገ እድሳትና ምርመራ ምክንያት አንድ ስሕተት ተፈጠረ። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ለማውጣትና ወደ ሌላ ለማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በስልክ በረረ። ባንኩ ሥራውን ለጥቂት ሰዓታት በመላው አገር እስኪያቆም ድረስ ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚልዮን ብር በላይ እንደ ሆነ ኋላ ገለጠ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ተመልሷል። የወሰዱት ሰዎች ስምና የሒሳብ ቍጥር በመዝገቡ ላይ ነበረና፤ ያንን መዝገብ መስመር በመስመር ያጣሩት ግን ሰዎች ናቸው።

ይህን የማነሣው ባንኩን ለመንቀፍ አይደለም። በዓለም ላይ ታላላቅ የተባሉ ባንኮችም የባሰ ደርሶባቸዋል። ነገሩን በሰማሁ ጊዜ ትዝ ያሉኝ የአምስት ሳንቲሙ አዛውንት ናቸው። በዚያች ሌሊት አምስት ሳንቲም የጎደለችበትን ሰዓት በዓይኑ አይቶ «ይቁም!» የሚል ሰው ምን ያህል ፈጥኖ እንደ ተገኘ፣ እንዲህ ያለውን ትእዛዝስ ሳይፈራ ለመስጠት የሚያስችል ሥልጣን ለማን እንደ ተሰጠ ማወቅ፣ ከሕንፃው ቁመት ይልቅ የኩባንያውን ኃይል የሚለካ ይመስለኛል። በፊት ውሳኔው ካይሮ ነበር ብለናል። ዛሬ ውሳኔው በአንዳንድ ቦታ መኪናው ውስጥ የገባ ይመስላል።

እኔ ራሴ አንድ ቀን ስሙን በማልጠቅሰው ባንክ ለታመመ ዘመዴ ገንዘብ ላወጣ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት በትሕትና «ሲስተም የለም» አለችኝ። መቼ ይመጣል ብላት አላውቅም አለች። አለቃዋን ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም አላወቁም። ሁሉም ወደ አንድ የጠቈረ መስታወት ይመለከታሉ። ገንዘቡ በቤቱ ውስጥ አለ፤ እኔ አለሁ፤ መታወቂያዬ አለ፤ ሠራተኞቹም አሉ። ነገር ግን ማንም ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ መኪናው ሲቆም ምን እንደምታደርግ የነገራት የለም። ያን ቀን ገንዘቡን ከጎረቤት ተበድሬ ወደ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ባንኩም ገበያውም ባልነበረ ጊዜ ሰዎች እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ተለውጧል። ከመፍረሱ በፊት የአያቴን ሦስት ጠገራዎች ይዤ በዚያ ከነበሩት ወርቅ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር፤ ልሸጣቸው ሳይሆን ዋጋቸውን ለማወቅ ነው። ባለ ሱቁ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። ሚዛኑ ለእያንዳንዱ 28 ግራም አለ። ሰውዬው ግን በዚህ አልረካም። ጠገራውን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አዞረና በአውራ ጣቱ የንግሥቲቱን ትከሻ ዳሰሰው። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋውን የነገረኝ።